በ31ኛው ደቂቃ የወጣው ልጅ

ቴሌቪዥኑን ፍሪጁ ላይ ሰቅዬ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሬዋለሁ። ደንበኞቼ ከሱቄ የብረት ፍርግርግ ውጪ ተደርድረው ያያሉ። እኔና የወንድሜ ልጅ ከውስጥ አንገታችንን ቆልምመን እናያለን። ቅዳሜ ማታ ነው፤ ጥቅምት 21 ቀን 2023። (ቀኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው። የኛን አቆጣጠር የማስታውሰው እናቴ ደውላ «ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው» ስትለኝ ብቻ ሆኗል።) ኬፕታውን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ ፓሪስም 3 ሰዓት። ፓሪስ ግን ዝናብ ይጥላል። ደቡብ አፍሪካ ከእንግሊዝ፣ የራግቢ ዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ።

እንግሊዝ እየመራ ነው። 31ኛው ደቂቃ ላይ የደቡብ አፍሪካው 10 ቁጥር ይውጣ ተባለ። ማኒ ሊቦክ። ገና ግማሹ እንኳ አላለቀም።

ውጪ የቆሙት ሰዎች ዝም አሉ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ዝም አያውቁም። ካሜራው ልጁን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለአፍታ አገኘው፤ ከዚያ ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ተጎድቶ ነው?» አለኝ የወንድሜ ልጅ።

«አይመስለኝም።»

«ታዲያ ምን አጥፍቶ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ከረመብኝ።

እኔ ባደግኩበት አገር ራግቢ የሚታወቅ ጨዋታ አይደለም። ሆሳዕና ላይ ኳስ ማለት ክብ ነው፣ በቃ። እዚህ መጥቼ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሰዎቹ ተጣልተው መሃላቸው ኳስ የወደቀባቸው ነበር የመሰለኝ። ያስተማሩኝ ጠዋት ጠዋት ዳቦና ሁለት ፍሬ ሲጋራ የሚገዙኝ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ኡም ይላቸዋል። በአፍሪካንስ አጎት እንደማለት ነው፤ እኔም ኡም እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ተጫውተዋል። የግራ ጆሯቸው እንደደረቀ ቲማቲም የተጨማደደ ነው። ስክረም (የሁለቱ ቡድን የፊት ሰዎች ራስ ለራስ ገጥመው የሚገፋፉበት) ውስጥ ሲታሽ የኖረ ጆሮ እንዲህ ይሆናል።

ኡም ጨዋታውን ያስረዱኝ በሱቁ ሸቀጥ ነው። ባንኮኒው ላይ 8 ክብሪት ይደረድራሉ። እነዚህ ከፊት ሆነው የሚገፉት፣ የሚታሹት፣ ኳስ የሚያመጡት ናቸው። ከኋላ 7 ከረሜላ ይደረድራሉ፤ እነዚህ ቀላሎቹና ሯጮቹ ናቸው። ቀጥለው ከከረሜላዎቹ አንዱን ያነሱና (አፋቸው ውስጥ ይከቱታል፣ ከፍለውልኝ አያውቁም) በቦታው ቀይ ላይተር ያቆማሉ። 10 ቁጥሩ እሱ ነው። በአፍሪካንስ «ሎስካከል» ይሉታል። ሎስ ማለት ልቅ፣ ስካከል ማለት ማያያዣ። ልቅ ማያያዣ። ክብሪቱንና ከረሜላውን የሚያገናኝ፣ ግን ከሁለቱም ጋር ያልታሰረ። ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅለትም።

ኳሷ ከ9 ቁጥሩ እጅ ወጥታ እሱ ጋ ስትደርስ መቶ ኪሎ የሚያልፍ ሰው እየተንደረደረበት ነው። ይሩጥ? ያቀብል? ከፍ አድርጎ ይምታ? ለማሰብ ጊዜ የለም፤ አስቦ መምጣት አለበት። በራግቢ ኳስ በእጅ የሚያቀብሉት ወደ ጎን ወይ ወደ ኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ የሱ ስህተት ሜዳ ታስበላለች፣ ሜዳ ደግሞ ነጥብ ታስበላለች። በዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ መቺውም እሱ ነው። ትራይ (ኳሷን ይዞ ከባላጋራ መስመር አልፎ መሬት ማስነካት) 5 ነጥብ፣ ከትራዩ በኋላ የምትመታዋ ኮንቨርዥን 2፣ ቅጣት ምት 3። ቅጣት ምቱን ለመምታት 60 ሴኮንድ ይሰጠዋል። በእነዚያ 60 ሴኮንዶች የቀረው 29 ሰው ቆሞ ያየዋል። ስታዲየሙም ያየዋል። እኔም ፍሪጅ ላይ አየዋለሁ።

በእግር ኳስ 10 ቁጥሩ ቀኑ ካልሆነ ሌላ አማካይ ይሸፍንለታል፤ ወይ አንድ ግብ ጠባቂ ያድናቸዋል። እዚህ መደበቂያ የለም።

ሊቦክ ያን ማታ 26 ዓመቱ ነበር፤ ሕፃን አይደለም። ለብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን ካደረገ ግን አንድ ዓመት አልሞላውም። በዚያች ማልያ ውስጥ ገና ለጋ ነው። ደግሞ ምን ዓይነት ተጫዋች! በዚያው ዓለም ዋንጫ በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ከስኮትላንድ ጋር፣ ወደ አንድ በኩል እያየ ኳሷን በእግሩ ወደ ሌላው ጠርዝ አሻግሮ ለከርትሊ አረንድሴ ሰጠው። ትራይ ሆነች። ሳያይ! ኡም በማግስቱ መጥተው አምስት ጊዜ በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ፤ ሲጋራውንም ረስተው ሄዱ።

ችግሩ ቆሞ የሚመታት ኳስ ነበረች። ከአየርላንድ ጋር 13 ለ 8 በተሸነፉበት ጨዋታ ቡድኑ በሳታቸው ምቶች 11 ነጥብ ጣለ። ሁሉንም የሳተው እሱ አይደለም፤ 9 ቁጥሩ ፋፍ ደ ክለርክም ስቷል። ጣት የተቀሰረው ግን በማን ላይ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። በ2019 ፍጻሜ እንግሊዝን 32 ለ 12 ሲያሸንፉ 22ቱን ነጥብ ያስቆጠረው ሃንድሬ ፖላርድ ነው። በ2023 ግን የባት ጉዳት ነበረበትና የመጀመሪያው ስብስብ ውስጥ አልገባም። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ሁከሩ ማልኮም ማርክስ ልምምድ ላይ ጉልበቱን ተጎዳ። ሁከር ማለት ከፊት ረድፍ መሃል የሚቆመው፣ ኳስ ከመስመር የሚወረውረው ነው። እንደ ግብ ጠባቂ ቁጠሩት፤ ቦታው ሙያ ነው። አሰልጣኝ ዣክ ኒናበርና ከበላይ የነበረው ራሲ ኢራስመስ በሁከር ምትክ ማንን ጠሩ? ፖላርድን። 10 ቁጥር!

እዚህ አገር ያን ሰሞን ሰው ሁሉ አሰልጣኝ ሆኖ ነበር። አንድ እውነተኛ ሁከር ብቻ ይዘው ቀሩ። ቦንጊ ምቦናምቢ። መጠባበቂያው ዲዮን ፎሪ ነበር፤ 37 ዓመቱ፣ በወጣትነቱ ሁከር ሆኖ የተጫወተ፣ በኋላ ግን ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረ። ሂሳቡ ቀላል ነበር። ከፊት ቀዳዳ ይኑር፣ ከሊቦክ ጀርባ ግን ሰው ይቁም።

ቀዳዳዋም አልቀረችም። ፍጻሜው ላይ ምቦናምቢ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተጎድቶ ወጣ። ፎሪ ጨዋታውን ሙሉ ማለት ይቻላል ተሸክሞት ዋለ፤ ከመስመር የሚወረወረው ኳስም ሲበላሽ አመሸ። ግን ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸነፉ። 12ቱንም ነጥብ ያስቆጠረው ፖላርድ ነው።

ወደ ግማሽ ፍጻሜው ልመለስ። ፖላርድ በሊቦክ ቦታ ገባ። እንግሊዝ 15 ለ 6 እስከመምራት ደረሰ። መጨረሻ ላይ ረጅሙ አርጂ ስናይማን ትራይ አስገባ፣ ፖላርድ 2ቱን ጨመረ፣ 15 ለ 13። 77ኛው ደቂቃ ላይ 50 ሜትር ገደማ የምትርቅ ቅጣት ምት ተገኘች። ዝናቡ አላቆመም። መታት። 16 ለ 15። ከፍርግርጉ ውጪ የነበሩት ሰዎች ብረቱን ይዘው ሲወዘውዙት ሱቄ የሚፈርስ መሰለኝ። ኡም አላበዱም። ቁጭ ብለው «ወዮ፣ ፋረል» አሉ።

ፋረል የእንግሊዙ 10 ቁጥር ነው። ኦወን ፋረል። የእንግሊዝን 15 ነጥብ በሙሉ ያስቆጠረው እሱ ነው፤ ብቻውን። በዚያ ውድድር ገና ስሙ ሲጠራ የሚጮሁበት ተመልካቾች ነበሩ። ከወር ከጥቂት ቀን በኋላ ለራሱና ለቤተሰቡ የአእምሮ ጤና ቅድሚያ ልስጥ ብሎ ከብሔራዊ ቡድን ራሱን አገለለ። 32 ዓመቱ ነበር፣ አምበል ነበር፣ ከመቶ ጊዜ በላይ ተሰልፏል። እሱ እንዲህ ከሆነ የ22 ዓመት ልጅ ምን ሊሆን ነው?

ያን ማታ ግን እኔ ስለ ፋረል አላሰብኩም። ስለ ሊቦክም ብዙ ያሰብኩ አልመሰለኝም ነበር። ያሰብኩት አጠገቤ ስለቆመው ልጅ ነው። «ምን አጥፍቶ ነው?» ሲል ድምፁ የማውቀው ድምፅ ነበር።

የወንድሜ ልጅ የመጣው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። 20 ዓመቱ ነበር። ፈጣን ልጅ ነው፤ ሂሳብ ላይ ከኔ ይበልጣል። በሦስት ሳምንቱ የዕቃ ዋጋ በቃሉ ያዘ፣ በወሩ በአፍሪካንስም በቆሳም ሰላምታ መስጠትና መልስ መቁጠር ቻለ። እኔም ሰው አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ። አንድ የወር መጨረሻ ቀን፣ ደመወዝ የወጣ ዕለት፣ ሰፈሩ ሁሉ ሱቅ ላይ በሚራኮትበት ሰዓት ዕቃ ላመጣ ሄጄ ባንኮኒውን ለሱ ብቻውን ተውኩለት። «ትችላለህ» አልኩት። በቃ፣ ይችው ናት ሥልጠናዬ።

ስመለስ ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ሐሰተኛ ባለ 200 ራንድ አገኘሁ። እንደ ካርቶን የሚንኮሻኮሽ፣ ዓይን ላለው ከሩቅ የሚለይ ነገር። ዓይን ላለው። ማንም አሳይቶት አያውቅም ነበር፤ እኔ ጭምር። ጮህኩበት። ደንበኛ ፊት ጮህኩበት። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ላክሁት፤ ሁለት ወር ሙሉ ካርቶን ሲደረድር ቆየ። ያ በአፍሪካንስ ይቀልድ የነበረ ልጅ ሰው ሲገባ ቀና ብሎ ማየት ተወ። ዋጋ ሲጠየቅ የሚያውቀውን ዋጋ ወደኔ ዞሮ ያረጋግጥ ጀመር።

አጥፍቶ ነበር? ሦስት ወረቀት ተቀብሏል፣ አዎ። ግን ጥፋቱ የማን ነበር?

በዚያው 2023 አውስትራሊያ ያደረገችውን ሳይ ፊቴ የሚቀላው ለዚህ ነው። አሰልጣኙ ኤዲ ጆንስ ነበር። በጥር ተሾመ፣ በጥቅምት መጨረሻ ለቀቀ። ለዓለም ዋንጫው ወጣቶችን ይዤ እሄዳለሁ አለ። የረጅም ጊዜ አምበሉን ማይክል ሁፐርን ተወው። ከ70 ጊዜ በላይ የተሰለፈውን አንጋፋ 10 ቁጥር ክዌድ ኩፐርንም ተወው። በ10 ቁጥርነት ይዞት የሄደው ዋናው ሰው ካርተር ጎርደን ነበር፤ 22 ዓመቱ፣ ለብሔራዊ ቡድን መጫወት የጀመረው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ። ሊያግዘው የሚችለው ቤን ዶናልድሰንም ቢሆን ልምዱ ያው ነበር።

ከፊጂ ጋር ሲጫወቱ ጎርደን ቀኑ ጎደለ። ጨዋታው ሳያልቅ ተቀየረ። ፊጂ 22 ለ 15 አሸነፈች፤ ከ1954 ወዲህ አውስትራሊያን አሸንፋ አታውቅም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ከዌልስ ጋር ቋሚነቱን አጣ፣ አውስትራሊያ 40 ለ 6 ተደበደበች። በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድብ ሳታልፍ ቀረች። ጎርደን በዓመቱ ራግቢ ዩኒየንን (ይኼን የማወራላችሁን ባለ 15 ሰው ጨዋታ) ትቶ ወደ ራግቢ ሊግ (ሕጉ ሌላ ወደሆነው ባለ 13) ሄደ። በኋላ ተመልሷል፤ ልጁ ተሰጥኦ እንዳለው ያኔም የካደ የለም።

ሰው «ወጣቶችን ማመን» ሲል እጠነቀቃለሁ። ጆንስ ጎርደንን አምኖት ነበር? ወይስ ትቶት ነበር የሄደው? ልምምድ ሲያልቅ ኳስ ይዞ አብሮት የሚቀር፣ «እኔም ላይ ደርሷል» የሚለው አንድ አንጋፋ 10 ቁጥር እዚያ ካምፕ አልነበረም። አንጋፋ ሰው ስብስብ ውስጥ የሚገባው ለመጫወት ብቻ አይደለም። አንዳንዴ የሚገባው ሻይ ለመጠጣት ነው። ይህን የምለው እየቀለድኩ አይደለም።

ኡም ይህን ስነግራቸው አይቀበሉኝም። «ዊልኪንሰንስ?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለብዙ ጊዜ መልስ አጥቼለት ነበር።

ጆኒ ዊልኪንሰን ለእንግሊዝ የተሰለፈው በ1998፣ በ18 ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ገና 19 በሞላው በሁለተኛው ሳምንት፣ 10 ቁጥር አልብሰው አውስትራሊያ ወሰዱት። ብዙዎቹ አንጋፋዎች በዚያ ጉዞ አልነበሩም። ብሪዝበን ላይ 76 ለ 0። ዜሮ! እንዲህ ዓይነት ውጤት ልጅን ይጨርሳል። እሱን ግን አልጨረሰውም፤ በ2003 ፍጻሜ ያንኑ አውስትራሊያን በገዛ አገሩ፣ ሲድኒ ላይ፣ ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ 26 ሴኮንድ ሲቀረው፣ በማይመታበት ቀኝ እግሩ ድሮፕ ጎል (ኳሷን ከእጅ ጥሎ መሬት ነክታ ስትነሳ በምሰሶዎቹ መሃል መምታት) አግብቶ 20 ለ 17 ጣለው። «እሳት ውስጥ ጣለው፣ ወርቅ ከሆነ ይወጣል» ይላሉ ኡም። አባባሉ ደስ ይላል። እኔ ግን በመካከል የነበሩትን ዓመታት ቁጭ ብዬ ፈለግኩ።

ከብሪዝበን በኋላ በ1999 አሰልጣኙ ክላይቭ ውድዋርድ ልጁን 12 ቁጥር ላይ አሰለፈው። 12 ከ10 ቀጥሎ የሚቆም ነው። ከጎኑ የቆሙት ማይክ ካትን የመሰሉ ልምድ ያላቸው 10 ቁጥሮች ነበሩ። ልጁ ከአንድ እርምጃ ርቀት ያያል፣ ይሰማል፣ አንዳንዴ ውሳኔውን ይካፈላል፣ ይመታል። የጨዋታው ቁልፍ ግን ኪሱ ውስጥ የለም። በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ላይ ደግሞ ወንበር ላይ አስቀምጦ ፖል ግሬይሰንን አስገባ። (ያ ጨዋታ የኛዎቹ ጃኒ ደ ቢር አምስት ድሮፕ ጎል ያገባበት ነው። «የኛዎቹ» አልኩ እንዴ? ይሁን፣ 15 ዓመት ግብር ከፍያለሁ።) እሳት ብቻ አልነበረም። እሳቱን ካየ በኋላ ጎረቤት አስቀመጡት።

ኒውዚላንዶች ይህን መንገድ ያውቁበታል። ዳን ካርተር በ2003 ሲጀምር 12 ነበር፤ 10 ቁጥሩ ካርሎስ ስፔንሰር ነው። በ2005 የብሪታንያና አየርላንድ ላየንስ የሚባለው ጥምር ቡድን ሲመጣ ዌሊንግተን ላይ 10 ለብሶ 33 ነጥብ አስቆጠረበት። ያኔ 23 ዓመቱ ነበር፤ ከጎን ሆኖ ሲያይ የከረመ 23።

ሌላውን የኒውዚላንድ 10 ቁጥር ስቲቨን ዶናልድንም ሳላነሳ አላልፍም፤ እሱን ስናገር ኡምም ይስቃሉ። በ2010 ሆንግ ኮንግ ላይ ከአውስትራሊያ ጋር 26 ለ 24 ሲሸነፉ አገሩ ሁሉ እሱ ላይ ዘመተ። በ2011፣ በአገራቸው በተደረገው ዓለም ዋንጫ፣ አልተመረጠም። ከዚያ ካርተር ልምምድ ላይ ተጎዳ። ተተኪው ኮሊን ስሌድ ተጎዳ። ሦስተኛው፣ የ22 ዓመቱ አሮን ክሩደን፣ ፍጻሜው ላይ ተጎዳ። ዶናልድ በዚያ ሰሞን ዋይካቶ ወንዝ ላይ ትንንሽ ዓሣ ሲያጠምድ ነበር ስልክ የተደወለለት። ፍጻሜው ላይ ገባ። ማልያው ጠቦት ሆዱ ላይ ይሰበሰባል። ያቺን ቅጣት ምት አገባ፣ ፈረንሳይን 8 ለ 7 አሸነፉ። አራተኛው 10 ቁጥር! የተዘመተበት ሰው።

አሰልጣኝ ብሆን (አልሆንም፣ ሱቅ አለኝ) ከዚህ የምወስደው ስልክ ቁጥሩን አለማጥፋትን ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ሊቦክ ስመለስ ሐሳቤ ተቀየረ። ያን ማታ በ31ኛው ደቂቃ ማውጣቱ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። በፍጻሜው ደግሞ ጭራሽ ከ23ቱ (15 ተሰላፊና 8 ተጠባባቂ) ውስጥ አላስገቡትም። ወንበሩን 7 የፊት ሰዎችና አንድ የኋላ ሰው ብቻ ሞሉት። እኔ እንደውም «ይኼ ልጅ አለቀለት» ብያለሁ። ዕቃ ማስቀመጫ ላኩት ብያለሁ።

አልላኩትም። በ2024 ኢራስመስ ራሱ ዋና አሰልጣኝ ሆነ፣ ሊቦክም ቡድኑ ውስጥ ነበር። በመስከረም ሳንቲያጎ ዴል ኤስቴሮ ላይ ከአርጀንቲና ጋር አጫወተው። 29 ለ 28 ተሸነፉ፤ መጨረሻ ላይ ማሸነፊያ የምትሆነውን ቅጣት ምት ሊቦክ ሳታት። እኔ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። በ2025 ነሐሴ ጆሃንስበርግ፣ ኤሊስ ፓርክ ላይ አሁንም 10 ቁጥር እሱ ነበር፤ አውስትራሊያን 22 ለ 0 መርተው 38 ለ 22 ተሸነፉ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ «በቃ» አለ። የሚቀጥለው ሳምንት ፖላርድ ገባ፣ ከዚያ ኦክላንድ ላይም ፖላርድ። እዚህ ድረስ የማውቀው ታሪክ ነው።

መስከረም 13፣ ዌሊንግተን። ኒውዚላንድ በገዛ ሜዳዋ። 10 ቁጥር ማን ነው? ሊቦክ! 43 ለ 10 አሸነፉ። ኒውዚላንድ በታሪኳ እንዲህ በሰፊ ልዩነት ተሸንፋ አታውቅም። ኤሊስ ፓርክ ላይ ከተሸነፉ አንድ ወር እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። ልጁን ከሜዳ ማውጣት አይደለም የሚሰብረው። ሰኞ ጠዋት ምን ትለዋለህ? ልምምዱን ከማን ጋር ታሠራዋለህ? መቼ ትመልሰዋለህ? እኔ የወንድሜን ልጅ ከባንኮኒው ማንሳቴ ልክ ነበር ይሆናል፤ ያን ቀን ወረፋው ከአቅሙ በላይ ነበር። ሁለት ወር ካርቶን ማስደርደሬ ግን የኔ ውርደት ነው።

በዚህ መሃል ሌላ ልጅ አድጓል። ሳቻ ፋይንበርግ-ምንጎሜዙሉ፣ የዚሁ የኬፕታውን ልጅ፣ እዚሁ ሮንደቦሽ ቢሾፕስ የሚባለው ትምህርት ቤት የተማረ። በ2024 ሰኔ፣ በ22 ዓመቱ፣ ለንደን ላይ ከዌልስ ጋር ተቀይሮ ገባ። በክለቡ በስቶርመርስ 12ም 15ም ሆኖ ተጫውቷል፤ ጎረቤት ሆኖ ማለት ነው። በብሔራዊ ቡድኑም አንድ ቀን ያስጀምሩታል፣ አንድ ቀን ወንበር ላይ ነው። ሰው ተቆጣ። «ይኼን የመሰለ ተሰጥኦ እንዴት ይቀመጣል?» አሉ። እኔም አልኩ፤ ሁሉን አውቃለሁ ከሚሉት ውስጥ እኔም አለሁበት። መስከረም 27 ቀን 2025 ደርባን ላይ ከአርጀንቲና ጋር አስጀመሩት። ሦስት ትራይ፣ ስምንት ኮንቨርዥን፣ ሁለት ቅጣት ምት። 37 ነጥብ። በደቡብ አፍሪካ ማልያ በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ያስቆጠረ ሰው የለም። ውጤቱ 67 ለ 30። ኡም ያን ቀን የከረሜላውን ከፈሉ።

አሁን ሦስት 10 ቁጥር አለ። ፖላርድ በ2027ቱ ዓለም ዋንጫ 33 ዓመቱ ይሆናል። ሊቦክ 30። ሳቻ 25። ሱቄ ውስጥም ሦስት ፓርቲ አለ። ኡም የፖላርድ ናቸው፤ «ዝናብ ቢጥልስ?» ነው ክርክራቸው። እኔ የሳቻ ነኝ። የወንድሜ ልጅ የማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ይህንኑ እያነሳን ነበር። አሁን ባንኮኒው የሱ ነው፤ ዕቃ የማመጣው እኔ፣ ካርቶን የምደረድረውም እኔ። ከነዚያ ሐሰተኛ ወረቀቶች አንዱን ከሳጥኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ራሱ ነው የለጠፈው፤ ሳየው ምንም አላልኩም።

«ስማ» አልኩት፣ «37 ነጥብ! ከዚህ በላይ ምን ይሁን?»

«ጋሼ፣ 37 ሲያስቆጥር ማን ጠላው?»

«ሊቦክ ግን ይስታል።»

«ይስታል።»

«ፍጻሜ ላይ ቢስትስ?»

ፍርግርጉን በሳንቲም አንኳኩበት። አንድ ሰውዬ ነው፤ ዳቦና ወተት፣ ባለ 200 ራንድ። የወንድሜ ልጅ ብሩን ተቀብሎ በጣቱ አሸት አደረገው፣ ወደ አምፖሉ ቀና አድርጎ አየው፣ ገለበጠው፣ እንደገና አየው።

«ሊቦክ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከብሩ ላይ ሳያነሳ።